ባዶ ሳህን አይመለስም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ከትናንት ማታ ጀምሮ ስልካችሁ ላይ የአደይ አበባ ምስል ሳይዘንብ አልቀረም። አብዛኛው ከአንዱ መጥቶ ወደ ሌላው የሚያልፍ ነው፤ የደረሰውም ሌላ ምስል ፈልጎ ይመልሳል። ተሰጠ፣ ብድሩም ተመለሰ፤ ማንም ግን ማንንም አላሰበም። እዚያ ላይ አንድ ምስል ከምጨምር ስለ ጎረቤት ሳህን ላውራችሁ።

በበዓል ድፎ ዳቦ ተቆርሶ የተላከበት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚረሳው ጊዜውና መጠኑ ነው። ሳህኑ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ከተመለሰ «ዕዳሽን ውሰጂ» እንደ ማለት ይቆጠራል። ሁለት ሦስት ቀን ይደር። የሚመለሰውም ዳቦ በዳቦ አይሁን፤ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ሎሚ፣ የጓሮ ጎመን ይበቃል። ከተቀበሉት በእጥፍ የመለሱ እንደ ሆነ ጉርብትናው ፉክክር ይሆናል፤ በሚቀጥለው በዓል አንዱ ቤት አቅም ያጣና ሳህኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ከሳህኑም ይልቅ ሰውየው ይጠፋል፤ በር ላይ ላለመገናኘት ሰዓት ይመርጣል። እንዲህ ያለ ነገር የጠረጠራችሁ እንደ ሆነ «ሳህኔን ላኪ» አትበሉ። ራሳችሁ ሂዱና «ቡና አለ ወይ?» በሉ። ከጠጣችሁ ብድሩ ተከፈለ፤ ሳህኑንም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የልጆቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ጧት ወንዶቹ መልአክና አበባ የሣሉበትን ወረቀት፣ ሴቶቹ እንግጫና አደይ ይዘው ይመጣሉ። ሥዕሉን ሳይቀበሉ ብር ብቻ ሰጥቶ መሸኘት በጎ ይመስላል፤ ግን ልጁን ከሰጪነት አውርዶ ለማኝ ያደርገዋል። ተቀበሉት፣ እዩት፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ዝርዝር ከዋዜማው በፊት አዘጋጁ። ከመስከረም 2013 የብር ለውጥ ወዲህ ባለ 200 ኖት ኪስ ስለገባ፣ ዝርዝር ያላዘጋጀ ሰው ወይ «የለኝም» ይላል፣ ወይ ለአንዱ ልጅ 200 ይሰጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ልጁ ብድር አይቆጥርም፤ አባቱ ግን ይቆጥራል፤ ነገ የእናንተ ልጅ ሲያንኳኳ ያን ያህል ለመስጠት ይጨነቃል። ለሁሉም እኩል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊሰጠው የሚችለውን ያህል ስጡ።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ስጦታ ርቀት አያግደውም፤ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ብሩ ከቃል ቀድሞ መድረሱ ላይ ነው። አንድ ልጅ ለጡረተኛ አክስቱ 3,000 ብር ይልክና ይደውላል፤ «ደረሰሽ?» «ደረሰኝ፣ እግዚ—» «በይ ቻው፣ ሥራ ላይ ነኝ።» አክስት በብር መመለስ አይችሉም፤ የእሳቸው መመለሻ ምርቃት ነው። ምርቃት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፦ ስም ይጠራል፣ ልጅ፣ ትዳር፣ ሥራ፣ መንገድ በየተራ ይነሣል፣ በየመካከሉ «አሜን» የሚል ሰው ያሻዋል። ስልኩ ቶሎ የተዘጋ እንደ ሆነ አክስት ባለዕዳ ሆነው ይቀራሉ፤ በሚቀጥለው ወር ብሩ ሲመጣ ደስታቸው እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉ፣ አስመርቁ፣ ብሩን ከዚያ በኋላ ላኩ። «ይህን ይህን ላኪልኝ» ማለትም ነውር የለውም፤ ሽሮ ያስፈጨች አክስት ተቀባይ ብቻ አይደለችም።

ዕዳ ጨርሶ እንዳይኖር ሲፈለግ ቅርጫ አለ። 8 ወይም 10 ቤተሰብ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው በመደብ ይከፈላል፤ ለየመደቡ ከጉበቱም ከሻኛውም ከጎድኑም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቅጠል ያዋጣል፤ የማን መሆኑን ያላየ ሰው ያንን አንሥቶ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ሁሉም የከፈለውን ወሰደ፣ ማንም ለማንም ባለውለታ አልሆነም። ለሥጋ ጥሩ ነው። ወዳጅነትን ግን በቅርጫ ማካሄድ አይቻልም።

በውጭ ላላችሁ አንድ ነገር። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ሲላክ ላኪና ተቀባይ ይመሰጋገናሉ፤ ዕቃውን ያደረሰው መንገደኛ ግን ይረሳል። አንድ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው፤ 4 ኪሎ በርበሬ የሰጣችሁት ሰው ከራሱ ቤተሰብ ድርሻ ላይ 4 ኪሎ ቀንሶላችኋል። ቢያንስ ዕቃውን ከመጓዣው ሦስት ቀን ቀድማችሁ መዝናችሁ አድርሱለት፤ ማታ አውሮፕላን ጣቢያ በር ላይ አትጠብቁት። በርበሬው በሁለት ፌስታል ይታሰር፤ ምን እንደያዘ እያየ ይጫን፤ ያላየውን ዕቃ መሸከም ለራሱም አደጋ ነው። ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚገባ መንገደኛ አትስጡ፤ የሥጋና የወተት ውጤት ጉምሩክ ላይ ይወረስበታል፣ ሊቀጣም ይችላል። ሲደርስ ደግሞ ከበርበሬው አንድ ብርጭቆ ለእሱ ስጡት።

አሁን የቡናው ፍም እስኪቀጣጠል ቁም ሳጥኑን ክፈቱና የእናንተ ያልሆነ ሳህን ፈልጉ። ባይኖር ደስ ይበላችሁ። ካለ፣ ሎሚ ቢወደድ ጤና አዳም ከደጅ ይቀጠፋል። መልካም እንቁጣጣሽ!