ቅጹ ላይ የተሰረዘችው እናቴ

ራስን ስለ ማወቅ የሚመክሩ ሰዎች «ወደ ውስጥሽ ተመልከቺ» ይላሉ። ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ምክር አይበቃም ባይ ነኝ። እኔን የሠሩኝ ሰዎች ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ይኖራሉ፤ የአባቴ ዘመዶች ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የእናቴ መጋላ በሚባለው። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ በምድር ባቡሩ የጥገና ክፍል ሠርቷል። የእናቴ እናት ኦሮሞ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ኖራለች። ከተማዋም ብትሆን በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ያቀናት ናት።

ማንነቴን በወጉ ልወቅ ብዬ ስነሳ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ቀላል ነበሩ። የሴት አያቴን ድምፅ በስልኬ ቀዳሁ። ኦሮምኛዬን ከልጅነት ወሬ አልፎ ቁም ነገር እስክናገርበት ድረስ አሻሻልኩ። አጎቶቼ ሰባት ቤት አስቆጠሩኝ። የቆጠርኩት ግን የወንዶችን ስም ብቻ ነው፤ ልጆቿን በቅመም ንግድ ያሳደገችው አያቴ የለችበትም። ስለዚህ ዘራችሁን ቁጠሩ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ሽማግሌ ስታገኙ ከስም ዝርዝር በፊት ምን ሠርተው እንደኖሩ፣ ከማን ጋር እንደተጎራበቱ፣ ማን እንደደረሰላቸው ጠይቁ።

ነገሩ የተበላሸው መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ የሄድኩ ቀን ነው። ፎቶግራፉም ክፍያውም ችግር አልነበረውም። ቅጹ ላይ «ብሔር» ከሚለው ፊት ጉራጌና ኦሮሞ ብዬ ጻፍኩ። ሠራተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሁለተኛውን ቃል ሰረዘው፤ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ልጅ የአባቱ ነው» አለ። «እናቴስ?» ስለው «እህቴ፣ ከኋላሽ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው አሉኝ። ልጅ የአባቱ ነው የሚለው የየትኛው ሕግ አንቀጽ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚለውን ሲተረጉም ባህልን፣ ቋንቋን፣ የጋራ ሕልውና አለን ብሎ ማመንን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና መልክዓ ምድርን ያነሳል፤ አባት የሚል ቃል አይገኝበትም። ድሬዳዋ የምትዳኝበት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ብሔር በአባት ይወረሳል አይልም። ይህንን ሳስረዳቸው «ሕጉ ሌላ፣ አሠራሩ ሌላ ነው» ብለው ፋይሉን ዘጉት። እናቴን የሰረዘው እጅ ይህን ያህል ቀለል ማለቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዘጠኝ ወር ተሸክማ የወለደችኝ፣ አፍ የፈታሁበትን ቋንቋ የሰጠችኝ እሷ ናት። ለመጻፍ የሚፈጀው አንድ ቃል ነበር!

ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መዝገብ ቤት ተቀበለው፤ መልስ አልመጣም። መታወቂያው በአባቴ ብቻ ተሠርቶ ወጣ።

ለሌሎች የምለው ይህ ነው። ቅጹን ከማስረከባችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ እኔ የጻፍኩትን ማስረዳት የቻልኩት በዚያ ነው። ግድግዳው ላይ «ክፍት የተተወ ቅጽ አንቀበልም» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍም፣ አንዱን ወላጅ ክዳችሁ ከመሙላት ክፍት ትታችሁ መከራከር ይሻላል። በቃል አትመለሱ፤ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ። ወላጆቻችሁን ደግሞ ምረጡልኝ ብላችሁ አታስጨንቁ። አባቴን ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «እናትሽንም ጻፊ» ነው ያለኝ።

ኋላ ፋይዳ ለተባለው ዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያ ስመዘገብ ስሜን፣ የትውልድ ቀኔን፣ ጾታዬንና አድራሻዬን ጠየቁኝ፤ አሻራዬንና የዓይኔን ምስል ወሰዱ። ብሔር የጠየቀኝ የለም። ባለ 12 አኃዝ ቁጥሬ ያለዚያ መስመር መጣ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ የሚለው ምክንያት ከዚያ ወዲህ አይዋጥልኝም።

የቀበሌው መዝገብ ግን አልተስተካከለም። የማመልከቻዬ ቅጂ ማኅተም እንዳረፈበት እጄ ላይ አለ፤ በሚቀጥለው እድሳት አያይዤው እገባለሁ።