እርም ያልወጣላቸው የሁዳ ያማ ሙታን

በስሎቬኒያ፣ ከላሽኮ ከተማ አቅራቢያ፣ በኮረብቶች መካከል ሁዳ ያማ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የስሟ ትርጉም «ክፉ ዋሻ» ነው። በዚያ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ግን የሚጠራው በማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ በቅድስት በርባራ ስም ነው፤ የእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 8 ቀን የሚያስባት ሰማዕት ናት። ይህን ሳውቅ የሩቁ መንደር ድንገት ቀረበኝ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ጦርነቱ በአውሮፓ አብቅቶ ነበር። ከጀርመን ጋር ወግነው የተዋጉ የስሎቬኒያ ሚሊሻዎች ወደ ኦስትሪያ ሸሽተው ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ቢሰጡም፣ እንግሊዞች በኮሚኒስቶች ለሚመሩት የዩጎዝላቭ ተዋጊዎች፣ ለፓርቲዛኖቹ፣ መልሰው አስረከቧቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ ከሌሎች ምርኮኞች ጋር፣ ያለ ፍርድ ተገድለው ወደ ጉድጓዱ ተጣሉ። መውጫውም በኮንክሪት ግድግዳዎች ተደፈነ። የተከሰሱበት ጥፋት ከባድ ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ያንን መመርመር የዳኛ ሥራ እንጂ የጉድጓድ ሥራ አልነበረም።

መርማሪዎች ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አፍርሰው ውስጥ የደረሱት ከ64 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ነው። አየር ስላልገባ ብዙዎቹ አስከሬኖች ሙሉ በሙሉ አልፈረሱም ነበር፤ አንድ ቦታ ላይም የጫማ ክምር ተገኘ። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ክምር ነው። ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሳይገባው አይቀርም።

በአገራችን የሞተ ሰው አፈር ካልለበሰ፣ ፍትሐት ካልተደረሰለት፣ ቤተሰቡም ደረት መትቶ እርሙን ካላወጣ፣ ሐዘኑ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ የቀይ ሽብር ሰለባዎች አፅም ተቆፍሮ ሲወጣ የታየው ለቅሶም ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ነበር። ስሎቬኖች በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ ኅዳር መግቢያ ላይ በዘመዶቻቸው መቃብር ሻማ ያበራሉ። የእነዚህ ሟቾች ቤተሰቦች ግን ሻማ የሚያበሩበት መቃብር አልነበራቸውም፤ ስሎቬኒያ የዩጎዝላቪያ አካል በነበረችበት ዘመን ስለ ግድያው በአደባባይ መናገርም የማይታሰብ ነበር።

ከጉድጓዱ ከ1,400 በላይ ሰዎች አፅም ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በማሪቦር ከተማ በዶብራቫ መካነ መቃብር አረፈ። አባቱ በ1945 ሲወሰድ የ5 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው፣ በዚያ ቀብር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር።