ሪስክ ይጨመር፣ ክትባቱስ?

ዛሬ ከዱቲ እንደወጣሁ ቤት እንኳ ሳልገባ ወደ ግል ሆስፒታላችን የሠራተኞች ማኅበር ስብሰባ ሄድኩ። የኅብረት ስምምነቱ መታደሻ ስለደረሰ ለአሠሪው የምናቀርበውን ረቂቅ መጨረስ ነበረብን። ጨርሰናል። ሰዓቱን የበላው ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ የተጋላጭነት አበል፣ በእኛ አፍ ሪስክ።

ሪስክ ይጨመር መባሉን አልጠላም። እኔም ኪራይ ከፋይ ነኝ፣ የጅማ ፈረንጅ አራዳ አከራዮች ደግሞ እንደ ድሮው አይደሉም። ግን ውይይቱ ሁሉ ብር ብር ሲል አላስችል አለኝና «ብሩ የሚከፈለን በመርፌ እንዳንወጋ ነው ወይስ ስንወጋ ዝም እንድንል? ክትባቱስ?» አልኩ። ሳቁ። ሊቀመንበራችን ብቻ አልሳቁም። «ሲስተር፣ ልክ ነሽ፤ ግን ክትባት ደመወዝ ወረቀት ላይ አይታይም። አባሉ የሚጠይቀኝ የሚታየውን ነው» አሉኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ፤ ሰውዬው አባሉን ያውቁታል።

ቢሆንም ነገሩ የተገለበጠ ነው። መርፌ የወጋው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኤችአይቪን ነው። ሮጦ ሄዶ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ይጀምራል፣ 28 ቀን ይውጣል፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን ከቫይረሱ ጋር ካለ ሰው በመጣ መርፌ ኤችአይቪ የሚይዘው ከ1000 ተወጊ 3 ያህሉን ሲሆን፣ የጉበት በሽታው ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡ 100 ተወጊዎች እስከ 30 የሚደርሱትን ሊይዝ ይችላል። ለእሱ ደግሞ ክትባት አለ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ክንድ መስጠት ነው። ከመካከላችን ሦስቱንም የጨረሰ ስንት እንደሆነ ብንጠያየቅ ግማሹ ካርዱን ከየት አምጥቶ!

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዴ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን ባለፈው ሌሊት ጥቁሩን ፌስታል ሲያነሱ መርፌ እጃቸውን ወጋቸው። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲደርስ ተዘግቶ መቀየር ሲገባው እስከ አፉ ሞልቶ ስለነበር፣ አንዱ የእኛው ሰው መርፌውን ከተራ ቆሻሻ ጋር ጥሎታል። አዴ ምንም ሳይናገሩ በረኪና ሲያፈሱበት ደረስኩ። «ትንሽ ናት ሲስተር፣ ደሙም ቆሟል» ይሉኛል። በረኪናው ቀርቶ በውሃና በሳሙና ካጠብን በኋላ መድኃኒቱን አስጀመርናቸው። ክትባት ወስደው ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው የልጆቻቸውን ነገሩኝ።

አዴ የእኛ አባል አይደሉም። የቀጠራቸው ኤጀንሲ ነው። ስለዚህ ዛሬ «በግቢው ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ ማንም ይቅጠረው፣ ይከተባል» የሚል አንቀጽ ይግባ ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ ወዲያው «መዋጮ ለማይከፍል ሰው ልንደራደር ነው?» አለች። መርፌው መዋጮ ከፋይና የማይከፍል አይለይም እኮ! የወጋቸው ያ መርፌ ከእኛ እጅ ነው የወጣው።

እንዲህ ስል ማኅበር መኖሩን አቅልዬ አይደለም። የመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ «እናንተ እንኳ የምትደራደሩበት ወረቀት አላችሁ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እሷን አይመለከትም። እኛ የግሎቹ አሥር ከሆንን መደራጀት እንችላለን። መከላከያ ማቅረብ፣ ስለ አደጋው ማሠልጠን፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ለምነን የምናገኘው አይደለም። አድማ ግን የለንም። ሆስፒታል እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉት አገልግሎቶች ስለሚቆጠር፣ ካልተስማማን ጉዳዩ የሥራ ክርክር ወደሚዳኝ ጊዜያዊ ቦርድ ይሄዳል።

ቦርድ ፊት ደግሞ ምን ይዘን እንቀርባለን? መዝገብ። መዝገቡ ባዶ ነው። የተወጋ ሰው «እንዴት ብትሠሪ ነው?» መባልን ፈርቶ ዝም ይላል፤ አስታማሚ የገፋት ነርስ አልቅሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ በሽተኛ ስታነሳ ወገቧ የተቀጨ አዋላጅ በራሷ ብር ማስታገሻ ትገዛለች። በወረቀት ሲታይ ግን በቤታችን አደጋ ደርሶ አያውቅም። ሪስኩንም ቢሆን «ምን አደጋ ደረሰባችሁና?» ቢሉን በምን እንከራከራለን? ይህን ስል ሊቀመንበሩ ማስታወሻቸውን አወጡ። ከዛሬው ስብሰባ የሚጠቅም ነገር ከወጣ ይሄ ነው፤ በየክፍሉ መዝገብ ይቀመጥ፣ የተጎዳው ሰው ስም ሳይጠየቅ ቀኑ፣ ቦታውና መንስኤው ይጻፍ ተባለ። የሌሊት ተረኞቹን እኔ ላስለምድ ተስማማሁ።

የአዴ አንቀጽ ግን «እንዲታሰብበት» ተብሎ ገባ። ስንት ነገር እንዲታሰብበት ተብሎ እንደቀረ ስለማውቅ መንገዱን ሁሉ ስበሳጭ መጣሁ። ባጃጁ አዌቱ ድልድይ ላይ በዝናቡ ሲቆም እንኳ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ነበር። ረቂቁ የሚገባው ሰኞ ነው። ነገ ለሊቀመንበሩ ደውዬ «ይከተባሉ» ተብሎ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጄን አወጣለሁ፤ መዋጮ ያለችውም እዚያው ትመልስልኝ።