የፋይበሩን ገመድ እንዳትነኩት፦ ድሬ ላይ የቤት ኢንተርኔት መርጬ ሳስገባ የሆነው

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አስራ አንድ ቀንና አንድ ጥሩ ደንበኛ አላጣም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር ነው። ስራዬ ዲዛይን ነው፤ መጽሄት፣ ብሮሸር፣ የምርቃት አልበም እሰራለሁ፣ ደንበኞቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ስለዚህ ፋይሉ ካልሄደ ስራው አልተሰራም ማለት ነው። እማዬ ደግሞ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር በኢሞ ሳይተያዩ ካደሩ በማግስቱ ቡናው ራሱ አይጥማትም። ሁለታችንም በእኔ ስልክ ሆትስፖት ነበር የምንኖረው፣ እኔ ፋይል መላክ ስጀምር የእሷ ድምጽ ይቆራረጣል፣ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?" ትላለች፣ የወር ጥቅሉም በአስራ ሁለተኛው ቀን አለቀ። በቃ የቤት ኢንተርኔት አስገባለሁ አልኩ።

ድሬ ላይ ያለው ምርጫ ሲጨመቅ ሶስት ነው፤ ሲም የሚገባበት የፎርጂ ራውተር፣ በድሮው የስልክ መስመር የሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ እና በቀጭን የመስታወት ክር የሚመጣው ፋይበር። ፎርጂው ላይ እኛ እድለኞች ነን። ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አገልግሎት ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬ ነበረች፣ ከአዲስ አበባ ቀድመን ነው ያየነው፣ ከዚያ በፊት ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ስለነበር ማወዳደር የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ "የቱ ይሻላል?" ብሎ ይጠይቀኛል። ስም ጠርቼ ይሄ ይበልጣል አልልም፣ ምክንያቱም ከዚራ ሰፈር ላይ አንደኛ የሆነው ሳቢያን ላይ ሁለተኛ ይሆናል፣ እንደውም የእኛ ቤት ሳሎንና መኝታ ቤት ራሱ አንድ አይደሉም። የኔትወርኩ ማማ በየት በኩል ነው፣ መሀል ላይ ስንት ግድግዳ አለ፣ እሱ ነው የሚወስነው።

ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የጓደኛዬን ራውተር ለሶስት ቀን ተዋስኩ። ይሄን በማድረጌ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። የሁለቱንም ሲም እየቀያየርኩ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ለካሁ፣ በደብተር ጻፍኩ። መስኮቱ ስር ጠዋት ጠዋት እስከ 31 ሜጋ የሚያወርደው፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ሲያነሳ ወደ 6 ይወርዳል። ማማው የጋራ ነው፣ ሰው በበዛ ቁጥር ይከፋፈላል፣ ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ቀን ብቻ ለክቶ የገዛ ሰው ማታ ላይ ይናደዳል። እኔን የቆረጠኝ ደግሞ ማውረዱ ሳይሆን መላኩ ነው። እኛ ጋር ማታ አፕሎዱ (የመላኪያው ፍጥነት) እስከ 0.6 ሜጋ ይወርድ ነበር፣ ያውም መስኮት ላይ።

አፕሎድ የሚለውን ሰው አያየውም፣ እዩት። አንድ የምርቃት አልበም 900 ሜጋባይት ይሆናል። ፓኬጅ ላይ የሚጻፈው ሜጋ በሰከንድ የሚሄደው ሜጋቢት ነው፣ ባይት አይደለም፣ ስለዚህ በ8 ታበዙታላችሁ፣ 7,200 ይመጣል። አፕሎዱ 1 ሜጋ ከሆነ 7,200 ሰከንድ፣ ማለትም ሙሉ ሁለት ሰዓት። 10 ሜጋ ከሆነ 12 ደቂቃ። ኤዲኤስኤልን የተውኩትም በዚሁ ሂሳብ ነው። ሲሰራ ጀምሮ ለማውረድ እንጂ ለመላክ አልተሰራም፣ መላኪያው ወደ 1 ሜጋ አካባቢ ነው የሚቆመው፣ ፍጥነቱም ከቴሌው ማዕከል በራቃችሁ ቁጥርና ሽቦው በተቀጣጠለ ቁጥር ይወርዳል። ከዚራ የድሮ ቤት ውስጥ ያለች አክስቴ ለዜናና ለፌስቡክ በደንብ ትጠቀምበታለች። እኔ ጋ አይሆንም።

ፋይበር አመለከትኩ። መታወቂያ ይዤ ሄድኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ መጥተው አስገቡልኝ። ከምድር ቤቱ የቆጣሪ ክፍል ካለው ሳጥን ጥቁር ጠፍጣፋ ገመድ ተስቦ በደረጃው በኩል ሳሎን ገባ። ስለካው አፕሎዱ ዘጠኝ ነጥብ ምናምን አለኝ። እማዬ እህቴን አይታ "ፊትሽ ላይ ያለው ምንድነው፣ ቡግር ነው?" አለቻት፣ ያን ያህል ጠርቶ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

የምሰራው ጓዳ በኩል ባለችው ክፍል ነው፣ ከሳሎኑ ሁለት ግድግዳ ታልፎ፣ እና ዋይፋዩ እዛ ሲደርስ ይደክማል። ራውተሩን ወደ ክፍሌ ላዛውረው አልኩ። መጠየቅ የነበረብኝ ያስገቡትን ሰዎች ነው። እኔ ግን ተራ መጠበቅ ሰለቸኝና ሰፈር ውስጥ ዲሽ የሚያስተካክል፣ ካሜራ የሚገጥም ልጅ ጠራሁ። "ወንድሜ፣ የፋይበር ገመድ ታውቃለህ?" ስለው "አቦ፣ ገመድ ገመድ ነው፣ አታስቢ" አለኝ። ይሄን መልስ ሰምቼ በሩን መክፈቴ እስካሁን ያናድደኛል፣ እንደማያውቅ በራሱ አፍ እኮ ነግሮኛል።

ሀሙስ ከሰዓት ነው። ገመዱ እስከ ክፍሌ አይደርስም ነበር፣ አራት ሜትር ያህል ይጎድለዋል። ልጁ መሀል ላይ በፒንሳ ቆረጠው። ከዚያ በምላጭ ጥቁሩን ላጠው፣ ውስጡ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች አሉ፣ እነሱን ይዞ ከሌላ ገመድ ሽቦዎች ጋር ልክ እንደ መብራት ሽቦ ጠመዘዛቸው፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ "በቃ፣ አብሪው" አለኝ። እኔ አጠገቡ ባትሪ ይዤ አበራለት ነበር። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ፤ እነዚያ ሁለት ብረቶች ገመዱ ሲሳብ እንዳይበጠስ የሚይዙ ብቻ ናቸው፣ ምንም አይተላለፍባቸውም። ኢንተርኔቱ በብርሃን መልክ የሚሄደው መሀላቸው ባለችው መስታወት ውስጥ ነው፣ ውፍረቷ 0.125 ሚሊሜትር፣ የጸጉር ያህል። እሷን ሲልጠው ሰብሯት ምንጣፉ ላይ ወድቃለች፣ እኔ በማግስቱ ስጠርግ ነው ስባሪዋን ያየሁት። መስታወት ደግሞ አይጠመዘዝም፤ ወይ ጫፍና ጫፉ በማሽን ቀልጦ ይበየዳል፣ ወይ በልዩ ማገናኛ ተስተካክሎ ይገጠማል።

ራውተሩ ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ልጁ ሶስቴ አጥፍቶ አበራው፣ "ከነሱ ነው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው" አለኝ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ቀይ ሎስ ማለት ብርሃኑ ጭራሽ አልደረሰም ማለት ነው፣ ማጥፋት ማብራት አይፈታውም። ይቺን ብቻ ባውቅ ኖሮ ገንዘቡን አልሰጠውም ነበር።

አርብ ጠዋት ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፣ አስቆረጥኩት አልኩ። ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ፣ አይተው "ይሄ ተቀጣጥሎ አይሆንም፣ ከታች ከሳጥኑ አዲስ ይሳባል" አሉ። ወረድን፣ የቆጣሪው ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው የህንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሐረር ለቅሶ ሄደዋል፣ ሁለተኛ ቁልፍ የለም። ሰዎቹ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ሄዱ፣ ምን ያድርጉ።

የአልበሙ ቀነ ገደብ ሰኞ ጠዋት ነበር። እሁድ ማታ በስልኬ ልላክ አልኩ፣ ያ 0.6 የሚለው ሰዓት ላይ። ከሶስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ መሀል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቴ ጀመረ፣ ሁለቴ ጠፋ፣ ሶስተኛውን ስጀምር ጥቅሉ አለቀ። ሰኞ በጠዋት ፍላሽ ይዤ በባጃጅ ከዚራ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ፣ ሰማንያ ፐርሰንት ላይ መብራት ጠፋ። ከሰዓት ስልክ ደወልኩ፣ ደንበኛዬ በትህትና "አይ፣ ሌላ ሰው ጋ ሰጥተነዋል፣ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቀንም" አለችኝ። ሶስት አመት አብረን ሰርተናል። ከዚያ በኋላ አንድም ስራ አልላከችልኝም፣ አልፈርድባትም።

ሰብሳቢው ሰኞ ማታ ተመለሱ። ሄድኩ፣ "ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እግዜር ያጽናዎት፣ ቁልፉን ለአስር ደቂቃ" ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው "መጀመሪያም ሳታስፈቅጂ ነው ገመድ ያስገባሽው፣ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ኮሚቴው እሁድ ተሰብስቦ ያየዋል" አሉ። መጀመሪያ ሲገባ ክፍሉን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው! ደብዳቤ ጻፍኩ። "ማመልከቻው ቀን የለውም" ብለው መለሱት። ቀን ጻፍኩበት። ማክሰኞ ሰዎቹ በድጋሚ መጡ፣ በድጋሚ ተመለሱ። እዛ ደረጃው ላይ ቆሜ ጮህኩባቸው፣ በአባቴ እድሜ ያሉ ሰው ላይ፣ እማዬ ወጥታ እጄን ይዛ አስገባችኝ። መጮሄ ይቆጨኛል፣ ግን ለአስር ደቂቃ በር ለመክፈት አንድ ሳምንት ቃለ ጉባኤ መጠበቅ ትክክል ነው የሚለኝ ሰው ካለ ዛሬም አልሰማውም። የጋራ ንብረት ጠባቂ እኮ የጋራ ሰው ሲቸገር መክፈት ነው ስራው።

እሁድ ተሰበሰቡ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ፈቀዱ። ሰኞ፣ በአስራ አንደኛው ቀን፣ አዲስ ገመድ ተሳበ። ቴክኒሻኑ በትንሽ መለኪያ ጫፉ ላይ የሚደርሰውን የብርሃን ጥንካሬ ለካው፣ ኔጌቲቭ 21 አለ። "ይሄ አሪፍ ነው፣ ከኔጌቲቭ 27 ካለፈ ነው መቆራረጥ የሚጀምረው" አለኝ። እናንተም ሲያስገቡላችሁ ይሄን ቁጥር ጠይቁና ጻፉት፣ ሌላ ጊዜ ችግር ሲመጣ ከቤታችሁ ይሁን ከውጭ ለመለየት ይረዳል። ገመዱ በማዕዘን ላይ በደንብ ከታጠፈ ወይ በር ከረገጠው ራሱ ቁጥሩ ይበላሻል፣ የግድ መቆረጥ የለበትም።

ክፍሌስ? ራውተሩ ሳሎን እንደነበረ ቀረ። ያንኑ ሳምንት እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ 15 ሜትር ላን ገመድ ገዛሁ፣ ከራውተሩ ጀርባ ሰክቼ በበሩ አናት ላይ አድርጌ ክፍሌ አስገባሁት፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር አገናኘሁ፣ ሁለቱ እንዳይጋጩ የአሮጌውን ዲኤችሲፒ (ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፍቼ። ላን እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለምንም ችግር ይሄዳል፣ ሲበላሽም ጫፉን ቆርጦ ሌላ ማገናኛ መምታት ነው። ማለት የፈለግኩት ይሄ ነው፤ ፋይበሩ የገባበት ቦታ ይቁም፣ ከራውተሩ ወዲህ ያለውን እንደፈለጋችሁ አድርጉ። ያን ልጅ ከመጥራቴ በፊት ይሄ በሀያ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ሌሎች የማስበውን ልበል። በየማስታወቂያው ለአራት ሰው፣ ለስድስት ሰው እየተባለ ትልቁን ሜጋ ውሰዱ ይባላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢፈልግ ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ ስንት ቪዲዮ በአንዴ ይከፈታል? ከትንሹ ጀምሩ፣ ካነሰ ጨምሩ፣ የተረፈውን መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ለምታቆየው ትንሽ ባትሪ፣ ለሚኒ ዩፒኤስ አውሉት። ፋይበር ከማዕከሉ እስከ ቤት ድረስ መሀል ላይ መብራት አይፈልግም፣ ስለዚህ ራውተሩ ብቻ ኤሌክትሪክ ካገኘ መብራት ሲጠፋም ይሰራል። የእኔ 12 ቮልት ናት፣ መብራት ሲሄድ እማዬና እህቴ ጨለማ ውስጥ ማውራታቸውን ይቀጥላሉ። ስትገዙ ግን የራውተራችሁን ቮልትና አምፒር ጀርባው ላይ አንብባችሁ ሂዱ። ራውተር ላይ 5ጂ ተብሎ የሚመጣው የዋይፋይ ስም የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው፣ ቅርብ ላይ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ላይ ይደክማል። ድሬ ሞቃት ናትና ራውተሩን ቁምሳጥን ውስጥ አትዝጉበት፣ ዳንቴል አታልብሱት፣ እማዬን ይሄን ማሳመን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ፋይበር ቢኖራችሁም ሲም ላይ ትንሽ ጥቅል አይጥፋ፣ ትልቅ ፋይል ስትልኩ ደግሞ ከተቋረጠበት የሚቀጥል መላኪያ ተጠቀሙ።

ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደግሞ ከማመልከታችሁ በፊት የሳጥኑ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ፣ ሁለተኛ ቁልፍ እስኪቀረጽ ድረስ አትክፈሉ። እኛ ጋ በመጨረሻ ተቀርጿል፣ ምድር ቤት እትዬ ጋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።