ማርሲያኖ በዛሬ ዘመን ቢሆንስ?

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ድክም ብሎኝ ነበር። ትንሽ ልይ ብዬ የሮኪ ማርሲያኖንና የጀርሲ ጆ ዎልኮትን የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮና ፍልሚያ ከፈትኩ። ፊላደልፊያ፣ 1952 እ.ኤ.አ.። "ትንሽ" ያልኩት እስከ መጨረሻው ይዞኝ ሄደ።

ማርሲያኖ ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ተነሣ። 12ኛው ዙር ሲያልቅ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር። 13ኛው ላይ ዎልኮት ወደ ገመዱ ሲያፈገፍግ ያቺ አጭር ቀኝ ቡጢ አገጩ ላይ አረፈች። ግራ ክንዱ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በጉልበቱ ቀስ እያለ ወረደ። ይህን ቦታ አራት ጊዜ መልሼ አየሁት።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ የሻምፒዮና ፍልሚያ 15 ዙር ነበር፣ ዛሬ 12 ነው። በዛሬው ሕግ ያቺ ቡጢ የለችም ማለት ነው! 49 ተጋጥሞ 49ኙንም ያሸነፈው ሰው ያን ምሽት ቀበቶውን ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ክብደቱም አለ። 84 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ ከከባድ ሚዛን በታች ያለው ክሩዘርዌይት እንኳ እስከ 90.7 ኪሎ ይፈቅዳል። የዘመናችን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪ ደግሞ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ነው። ማርሲያኖን በዘመኑ ሥልጠና አሥር ኪሎ ብንጨምርለትም ክንዱን አናስረዝምለትም። በክሩዘርዌይት ግን የሚችለው ያለ አይመስለኝም።

ፉሪንስ? በ12 ዙር ፉሪ ያሸንፈዋል፣ እያመመኝም ቢሆን እላለሁ። ፉሪን ወደዚያ ምሽት ወስጄ 13ኛው ዙር ላይ ሳቆመው ግን እንዲህ በድፍረት አልናገርም።