ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ዲኤክስ ማደስ፦ ጊዜውም ብሩም የት ይሄዳል?

ዲኤክሷ ተቀብታ ወጥታለች። ሞተሯ ይነሳል፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ቦሎም አግኝታለች። «ስንት ጊዜ ፈጀብህ? ስንት ወጣብህ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ እስካሁን ያለውን ላካፍላችሁ። ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይኸው፦ የመጨረሻውን ቀለም መርጨት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወራቱን የበላው ከቀለሙ ሥር ያለው ነገር ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆቹ 1986 የተሠራች፣ ነጭ፣ ባለ ካርቡሬተር። «በዚች አሮጌ ላይ ይህን ሁሉ ብር?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና እንደ ድሮው የሚናቅ አልሆነም። ደግሞስ የዲኤክስ ዕቃ አይጠፋም። እዚህ ካጣችሁ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ታገኙታላችሁ፤ 130 ኪሎ ሜትር ናት።

መጀመሪያ የሠራሁት ፍሬኑን ነው። ሰው ሁሉ ቀለሙን አስቀድም ሲለኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሰው ጣርማበርን ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ተነስቶ፣ በደብረ ሲና አልፎ፣ ከ1,300 ሜትር በታች ይደርሳል። ያንን ቁልቁለት ባረጀ የፍሬን ዘይት መውረድ ጨዋታ አይደለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። እርጥበት ሲገባው የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይፈጥራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ዘይቱን በሙሉ አስቀየርኩ፣ ሸራዎቹንም ጎሚኒዎቹንም ቀየርኩ። ሌላም ምክንያት አለኝ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። አዲስ ቀለም ላይ ጠብ ካለ ያነሳዋል። ስለዚህ የቆሸሸው ሥራ በሙሉ ከቀለም በፊት ይለቅ።

ወደ ቦዲው ስንገባ ጉዱ ታየ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱ። ጤነኛ ላሜራ ይስበዋል፤ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያው ሊጥ) የተሞላበት ቦታ ሲደርስ ማግኔቱ ይወድቃል። የእኔዋ ከኋላ ጎማ በላይ በግራም በቀኝም ወደቀ። ምንጣፉን ስገልጠው እርጥብ ሽታ መጣ። ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ወለል በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ካቻቢቴው አልፎ መሬቱን ነካ። ስፖርቴሎዎቹ (በሮቹ) ከታች ውሃ የሚያወጡባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። በጭቃ ተደፍነው ውሃው ውስጥ ቆሞ ይኖራል፣ ላሜራውም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከውጭ የምታዩት ትንሽ እብጠት መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። መኪና ያላችሁ ሁሉ ክረምት ሳይገባ እነዚያን ቀዳዳዎች በሽቦ ጥረጉ፤ ምንም ወጪ የለውም።

ቦዲውን የሠሩልኝ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን በስቱኮ ብንሞላት አይበቃም?» አልኳቸው።

«ልትሸጣት ነው ልትነዳት?»

«ልነዳት።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ብርህን አምጣ። ዝገት ላይ ስቱኮ አልለጥፍም።»

ልክ ናቸው። ዝገት በስቱኮ አይሞትም። ከሥር እየበላ ቆይቶ ስቱኮውን ከነቀለሙ ያወርደዋል። የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ፣ አዲስ ላሜራ በየዱ፣ በየጫፉ አንቲረስት ቀባን። ስቱኮው ከዚያ በኋላ ስስ ሆኖ ለማስተካከል ብቻ መጣ። ብየዳ ሲሠራ ባትሪውን ንቀሉ፣ ምንጣፍና ወንበር አውጡ፣ ከነዳጅ ታንከሩም ራቁ። ውሃ የያዘ ባልዲም በቅርብ አይጥፋ።

ማሻሸቱን እኔው ያዝኩት። እጅ ላይ ብር ለሌለው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቆጠበው፤ በምትኩ የሚሄደው የቅዳሜና የእሁድ ከሰዓት ነው። ስቱኮውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ትቀርጹታላችሁ፣ በ180 ታለሰልሱታላችሁ፣ በ320 ትጨርሱታላችሁ። ወረቀቱን በጣታችሁ አትያዙት። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፣ አለዚያ ጣታችሁ የሄደበት ሁሉ ቦይ ይሆናል። ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚረጨው መነሻ) ከተረጨና ከደረቀ በኋላ ቀቢው አንድ ዘዴ አሳየኝ። ጥቁር ስፕሬይ ከራቅ አድርጎ ስስ አድርጎ ነፋበት። ከዚያ በ600 ቁጥር ወረቀት በውሃ እያሻሸሁ ሄድኩ። ከፍ ያለው ቦታ ቶሎ ነጣ፤ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ጥቁሩ ቀረ። ዓይኔ ያላየውን፣ መዳፌም ያልያዘውን ጎድጓዳ ጥቁሩ አሳበቀ። በስፖርቴሎው ላይ ብቻ ስንት ቦታ እንደቀረ ብታዩ ትስቃላችሁ።

አሁን ስለ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ያለ ነገር አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጣች ብላችሁ አትሞኙ፤ አየሩ ሞቆም ላሜራው በረዶ ነው። ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ጤዛ ያርፋል፣ ቲነሩም ሲተን ላሜራውን የባሰ ያቀዘቅዘዋል። ናይትሮ ቀለም (ቲነሩ ሲተን ብቻ የሚደርቀው) ከሆነ ያን ጊዜ ነጭ ጉም ይይዛል። ሃርድነር (ቀለሙ ውስጥ ተደባልቆ የሚያጠነክረው) ያለው ቀለምም ቢሆን በብርድ ጊዜ መድረቁ ይዘገያል፣ አቧራም እስኪበቃው ይሰበስባል። እኛ የጠበቅነው የካቲትን ነው። መጋቢት የበልግ ዝናብ ሊያመጣ ይችላልና ብዙም አትዘግዩ። ቀቢው የመረጠው ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ አቧራው ይመጣል። ከመርጨቱ በፊት ወለሉን ውሃ አርከፈከፍን፣ የኮምፕሬሰሩንም ውሃ ከሥር አፈሰስን። ኮምፕሬሰር ውስጥ ውሃ ከቀረ ቀለሙ ላይ ጠብታ ሆኖ ይወጣል።

ናይትሮ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለጥገናም ይመቻል። ግን ፀሐይ ያደክመዋል፣ ቤንዚን ሲፈስበትም ይነሳል። እኔ ሃርድነር ያለውን አክሪሊክ ወሰድኩ። ሜታሊክ (የሚያብለጨልጭ) ያልሆነ ነጭ ስለሆነ ለብቻው ቫርኒሽ አላስፈለገውም፣ ወጪውም ቀነሰ። ሜታሊክ የምትፈልጉ ግን ቀለሙ አንድ፣ ከላዩ የሚረጨው ቫርኒሽ ሌላ ነው፤ ነገ ተጭሮ ሲጠገንም ገጥሞ አይገኝም። መኪናችሁን ከነበረችበት ወደ ሌላ ቀለም መቀየር ያማራችሁ ደግሞ ሊብሬያችሁ ላይ ቀለሙ ተጽፎ እንዳለ አትርሱ። አስቀድማችሁ የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ።

አንድ ነገር አጠንክሬ ልናገር። ሃርድነሩ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለ። አስም ያመጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣ ትንሿም ሽታ ታስነሳዋለች። በኮሮና ጊዜ የለበስናት የጨርቅ ማስክ ለዚህ ምንም አታደርግም። ከሰል ያለው ማጣሪያ የሚገጠምለት ማስክ ይኑር፣ ልጆች ይራቁ። እኔ እስኪያልቅ ከግቢ ወጥቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ዋጋውን በብር አልጽፍላችሁም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ ቲነሩም ቀለሙም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ የዛሬው ዋጋ ለከርሞ አይሠራም። ክፍፍሉ ግን ይጠቅማችኋል። ካወጣሁት ከየ100 ብሩ 35ቱን የበላው ቦዲና ብየዳ ነው። 25 ፍሬንና ሞተር። ቀለም፣ ፕራይመር፣ ስቱኮና ቲነር ተደምረው ወደ 20። የቀቢው የእጅ ዋጋ 10 ገደማ። የቀረው 10 ማንም የማያስበው ነው፦ የመስታወት ጎሚኒ፣ ክሊፕ፣ ፍሬቻ፣ የሰሌዳ መብራት፣ ብሎን። አሮጌ ክሊፕ ሲነቀል ይሰበራል፣ ይህን ቀድማችሁ ያዙት። የነቀላችሁትን ብሎን ሁሉ በየከረጢቱ አድርጋችሁ «ኮፈን»፣ «የፊት ፓራፋንጎ» ብላችሁ ጻፉበት። ሲገጠም ጊዜ የሚበላው ፍለጋው ነው።

አሁን ቀለሙ እስኪጠና ሰም አልቀባም፣ በዱቄት ሳሙናም አላጥብም፤ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። የጣራው ጨርቅ ይቀረኛል፤ ወርዶ ጭንቅላቴን ይነካኛል። የኋላ ግራ ስፖርቴሎ ጎሚኒም አጥቻለሁ። ኦሪጅናል የሚገኝበት ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ክረምት ሳይገባ ብገጥመው ደስ ይለኛል።