ሰርጉ ሲደርስ መብራት ጠፋ

ትናንት እሑድ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ እማዬ፣ ታናሽ እህቴና እኔ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን አንድ የአማርኛ ፊልም እናያለን። ርዕሱን ባልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ልጁ ድሃ፣ ልጅቷ ባለመኪና። ይከተላታል። እምቢ ትለዋለች። መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ይቆማል፣ ዘበኛው ያባርረዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። በጥፊ ስታጮለው ጉንጩን ይዞ ፈገግ አለ። እህቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ልክ ሰርጉ ሊደርስ ሲል መብራት ድርግም!

ጨለማው ውስጥ ያቺ ፈገግታ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

በነዚህ ፊልሞች «እምቢ» ማለት «ትንሽ ቆይ» ማለት ነው። ሴቷ ስትፈለግ እንጂ ስትፈልግ አናያትም። ፈላጊ ሆና ከመጣችም ወይ ባል ቀሚ ናት፣ ወይ ገንዘብ አሳዳጅ፤ መጨረሻ ላይ የእጇን ታገኛለች። ወንዱም ምርጫ የለውም፣ ችክ ካላለ ወንድ አይባልም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ልጅ ሙሉ ሴሚስተር ተከትሎኛል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቆሞ ይጠብቀኛል። ክፉ ቃል አልወጣውም። ዝም ብሎ ይከተላል። ጓደኞቼ «ታድለሽ! እንደ ፊልም!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መንገድ ቀይሬ በአራዳ ገበያ፣ በበርበሬና በሽንኩርት መሃል እየተሹለከለክሁ እገባለሁ። ሃያ ደቂቃ ይጨምርብኛል። ያቺን ሃያ ደቂቃ እስከ ዛሬ በየትኛውም ፊልም አላየኋትም።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠለፋው በጋብቻ ካለቀ ጠላፊውን አይቀጣም ነበር። አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1997 ሥራ ላይ ሲውል ያ ቀረ። ከፊልሞቻችን ግን የቀረ አይመስለኝም። ሰርግ ካለ ሁሉ ይማራል።

ጎንደር ተቀምጦ ይህን ማየት ደግሞ ይገርማል። የበካፋን ታሪክ ያልሰማ የለም። ንጉሡ ማንነቱን ደብቆ ቋራ ሲዘዋወር ታመመ፣ አንዲት ቆንጆ አስታመመችው፣ አገባት ይባላል። ያለቀለት የፊልም ድርሰት! ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ሰርግ ተደግሶ ያበቃ ነበር። ያቺ ቆንጆ፣ ምንትዋብ፣ ግን ገና መጀመሯ ነው። በ1723 ባሏ ሲሞት ዘውድ ደፍታ ከሕፃን ልጇ ጋር ነገሠች። ከባሏ ዘመድ፣ በዕድሜ ከሚያንሳት ከምልምል ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች። እሷ ያሠራችው ቁስቋም ስንወጣ ስለ ሕንፃው ጮክ ብለን እናወራለን፣ እዚህኛው ጋ ስንደርስ ድምፃችን ዝቅ ይላል።

እህቴ የስልኳን መብራት አብርታ፣ «እማዬ፣ አባዬ ስንት ጊዜ ለምኖሽ ነው እሺ ያልሽው?» አለቻት።

እማዬ ፍሙን ቆሰቆሰች።

«እሱ መቼ ለመነኝ? ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ሁለታችንም ዝም አልን።

«ቀሃ ወንዝ ዳር ድንጋይ ይጠርብ ነበር። እኔ ቤት ያለውን ውኃ ጎመኑ ላይ እደፋና እንስራዬን አዝዬ እወርዳለሁ። በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ። አያታችሁማ እንስራው የሚያፈስ መስሏት ቂጡን ስታገላብጥ ነበር።»

እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ የሰማሁት «ሽማግሌ ተልኮ ተጋባን» የምትለዋን ብቻ ነው።

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡስ?» አልኳት።

«ጓዳ ነኛ! አንገቴን ደፍቼ። ምንም እንዳልሰማ።»

«ከዚያስ? አባዬ ያውቃል?»

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ጮኸ። ሙሽራዋ ከመኪና እየወረደች ነው።

«በሉ ዝም በሉ፣» አለች እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ሰርጉ እንዳያመልጠን።»